ያልታረመው ደብዳቤ

ፋሲካ ሙላቴ የተሳሳተ ፊደል አይታ ማለፍ አትችልም ነበር። ደብረ ታቦር ውስጥ አማርኛ ማስተማር ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። የሱቅ ማስታወቂያም ይሁን የሠርግ ጥሪ፣ ባጃጅ ጀርባ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍም ይሁን፣ ዓይኗ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያርፈው ስህተቱ ላይ ነው። ከአባቷ የወረሰችው ነው። መሪጌታ ሙላቴ ዓይናቸው ደህና በነበረበት ዘመን፣ በእሳቱ «ሰ» ፋንታ ንጉሡን «ሠ» የጻፈ ተማሪ ገጹን በሙሉ እንደገና ሳይጽፍ እህል አይቀምስም ነበር። አሁን ግን መሪጌታ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር የሚያዩት የለም። እናቷ ካረፉ፣ ታላቅ እህቷ ትዝታም ባሕር ዳር አግብታ ከሄደች ወዲህ፣ በሰፊው ቤት ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ፋሲካ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው። ስለ ሠርጓ የሚጠይቃት ሰው እንኳ ከጠፋ ቆይቷል።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ በረንዳው ላይ ከአባቷ አጠገብ ትቀመጥና ታነብላቸዋለች። ዳዊቱን በቃላቸው ስለሚያውቁት አይፈልጉትም። «የሰው ወሬ አንብቢልኝ» ይሏታል። የሰው ወሬ የሚገኘው ደግሞ ከስልኳ ነው። ፋሲካ አብሯት ከሚያስተምረው ከአስናቀ ጋር ሆና ቴሌግራም ላይ የከፈተችው «የጉና ሥር ጨዋታ» የሚባል ቡድን አላት። አራት ሺህ ሰው አለበት፤ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ከአገሩ የራቀው ሁሉ። ስለ በረዶው ያወራሉ፣ የጠፋ በሬ ያፈላልጋሉ፣ የልጅነት ወጋቸውን ይጨዋወታሉ። ከሁሉ በላይ ግን ፋሲካ በእጇ የጻፈችው ሕግ ተሰቅሏል፦ «በትክክለኛ አማርኛ ይጻፍ። ስህተት ያለበት ይታረማል።»

ጥላዬ ወደዚህ ቡድን የገባው በኅዳር ነበር። የመጀመሪያ ጽሑፉን ስታየው ራሷን ያዘች። «እኔ ሀሙሲት ጎሚስታ ነኝ። ሰዉ ጎማዉ ሲተነፍስ እሱም ይተነፍሳል። አድ ስአት ቁጭ ብሎ ለማያቀዉ ሰዉ የሆዱን ሁሉ ያወራል። እደገና ግን አያዉቀኝም» ይላል። ፋሲካ እርማቱን በግል ላከችለት። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «አመስግናለሁ መምህርት። አራተኛ ክፍል ነዉ ያቆምኩት። ያርሙኝ፣ አይከፋኝም።»

በዚያን ዕለት ለአባቷ ስታነብ የጥላዬንም አነበበችላቸው። መሪጌታ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ።

«ይኸ ሰው የት ነው የተማረ?»

«ጎማ የሚለጥፍ ነው አባዬ። ብዙም አልተማረ።»

«ወግ ያውቃል» አሉ መሪጌታ። «ነገም አንብቢልኝ።»

እንዲህ ተጀመረ። ጥላዬ በየቀኑ ማለት ይቻላል ይጽፍ ነበር፤ እሷም በግል ታርመዋለች። ከእርማቱ ሥር «እንዴት ዋልክ» ጨመረች። እሱም ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» መጣ። ወር አልፎ ወር ሲተካ እርማቱ አጠረ፣ ጨዋታው ረዘመ። ክፍል ውስጥ ፈተና እየጠበቀች ሳለ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ልቧም አብሮ ይንቀጠቀጣል።

በጥር አንድ ቀን ለሥራው ዕቃ ሊገዛ ደብረ ታቦር መጣ። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ተገናኙ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ሰው ነው። እጁን ደጋግሞ ታጥቦ ነበር፤ ግን የጎማው ጥቁረት በመዳፉ መስመር መስመር ውስጥ ቀርቷል። ጠረጴዛው ሥር ደበቀው። ግድግዳው ላይ የተጻፈውን የምግብ ዝርዝር ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲያነብ፣ ፋሲካ እስኪጨርስ ብላ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ስትመለስ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ሁለቱም አንድ ላይ አቀረቀሩ። ያን ቀን ስለ ፍቅር አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ሚኒባሱ ሲነሳ ግን ጥላዬ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «ቅርብ ብንሆን ጥሩ ነበር» አላት። ያቺን ቃል ይዛ አራት ወር ኖረች።

በሰኔ መጀመሪያ ነው ነገሩ የተበላሸው። የመምህራኑ ማረፊያ ክፍል ውስጥ አስናቀ ስልኩን ከፍ አድርጎ፣ ጥላዬ የዚያን ዕለት የጻፈውን ልክ እንደተጻፈው፣ ፊደል በፊደል እየጎተተ ለሁሉም አነበበ።

«ዛሬ አድ መኪና አስክሬን ጭኖ ጎማዉ ፈነዳ። ለቀስተኛዉ ወርዶ መገድ ዳር ተቀመጠ። እኔ እስክለጥፍ ማም አላለቀስም። ሁሉም እጄን ነበር የሚያየዉ። አስክሬኑም እደነሱ ዝም ብሎ ጠበቀኝ። ሴትየዋ ማን እደሆነች አልጠየኩም። ግን ቀኑን ሙሉ ናፈቀችኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። አስናቀ ወደ ፋሲካ ዞረ። «ሕጉ ለጎሚስታ አይሠራም እንዴ? ወይስ ሰው እንደሚለው ነው?»

«ሰው ምን ይላል?»

«የመሪጌታ ልጅ ጎሚስታ እስከ መውደድ ደረሰች ይላላ!»

ፋሲካ ፊቷ ነደደ። ምንም እንደሌለ ማስመሰል ነበረባት፤ ለማስመሰልም ያገኘችው መንገድ አንድ ብቻ ነበር። እዚያው ተቀምጣ የጥላዬን ጽሑፍ አራት ሺህ ሰው ፊት አረመችው። አሥራ አራት ስህተት ቆጥራ፣ «አድ» ሳይሆን «አንድ»፣ «ማም» ሳይሆን «ማንም» እያለች ደረደረችው። ስለ ሟቿ አንዲት ቃል አልጻፈችም። የሳቁ ምልክት እንደ በረዶ ወረደ። አንዱማ «ወንድሜ ጎማህን ለጥፍ» አለው።

ጥላዬ አንድ ቃል ብቻ ጻፈ። «እሽ።» ከዚያ ከቡድኑ ወጣ።

«ይቅርታ» የሚለውን ቃል ፋሲካ ስንቱን ተማሪ እንዴት እንደሚጻፍ አስተምራለች። ለጥላዬ ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜ አጠፋችው።

አባቷ በረንዳው ላይ ይጠብቋታል። «የሐሙሲቱ ሰው ዛሬ ምን አለ?»

«አልጻፈም አባዬ።»

በማግስቱም ጠየቁ፤ በሦስተኛው ቀንም። «አመመው እንዴ?» አሉ። ፋሲካ ሌላ ሰው የጻፈውን እያነበበች ድምፅዋ እንዳይሰበር ትታገል ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ዕለት፣ ደረጄ የሚባል የሐሙሲት ሚኒባስ ሾፌር ትምህርት ቤቱ በር ላይ አስጠራትና የታጠፈ ወረቀት ሰጣት። «ከጎሚስታው ነው» ብሎ ሄደ። ተማሪዎቹ እስኪወጡ ጠብቃ ባዶው ክፍል ውስጥ ከፈተችው። ከደብተር የተገነጠለ ገጽ ላይ፣ ፊደሉ እያንዳንዱ ለብቻው ተጠንቅቆ የተቀመጠ፣ አጭር ጽሑፍ ነበር፦

«መምህርት ፋሲካ ስላም ነሽ ወይ። እኔ አልተቀየምኩም። እሁድ እናቴ ቤት ዝክር አለ። ሰዉ ሁሉ ይመጣል። እሁድ እዳትመጪ እለምንሻለሁ። እናቴ ስላችን ሰምታለች። መገዱ ጭቃ ነዉ። ጥላዬ።»

ፋሲካ ደግማ ደጋግማ አነበበችው። እንዳትመጪ እለምንሻለሁ። ሰው ሁሉ የሚመጣበት ቤት እሷ ብቻ እንዳትመጣ ተለመነች። እናቱ ስለ እነሱ ሰምተዋል፤ ልጃቸውን አገር ፊት ያሳቀችበትን ሴት ማየት አይፈልጉም። እሱም ለጨዋነቱ «አልተቀየምኩም» አለ። ሌላ ምን ትርጉም አለው? የሠራችውን ታውቃለችና ይገባኛል አለች። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እሑድ ዝናብ ነበር። መሪጌታ ከቅዳሴ ሲመለሱ ልጃቸው የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጫማዋን ግን ሳታደርግ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። እሳቸው አላዩም። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ፣ አሁን ይሄኔ ሰው ተሰብስቧል፣ አሁን ጠበሉ ተቀምሷል፣ አሁን ይጫወታሉ ትላለች በልቧ። አመሻሽ ላይ ቀሚሷን አውልቃ ሰቀለችው። ያን ዕለት የተሰማት ሐዘን እንኳ አልነበረም፤ ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ ስሟን ጠርታ ራሷ «አቤት» ያለች ያህል ነበር።

ከአሥር ቀን በኋላ መሪጌታ የጀመረችውን ንባብ በእጃቸው አስቆሟት።

«ያን ሰው ምን አድርገሽው ነው?»

«የትኛውን ሰው አባዬ?»

«ድምፅሽን እሰማለሁ እኮ ልጄ። እሱ ከጠፋ ወዲህ ድምፅሽም ጠፍቷል።»

አለቀሰች። ከዚያም ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የአስናቀን ሳቅ፣ አሥራ አራቱን እርማት፣ ደብዳቤውን። ለአባት የሚነገር ነገር አልነበረም፤ ግን ሌላ የሚሰማት ሰው አልነበራትም። መሪጌታ ወንበራቸውን ወደ ድምፅዋ አስጠጉ።

«ደብዳቤውን አምጪና አንብቢልኝ።»

አነበበችላቸው። «እንዳትመጪ» የሚለው ላይ ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ እስከ ጭቃው ግን ዘለቀች።

«ቆይ» አሉ መሪጌታ። «መጀመሪያ ማን ጠርቶሽ ነው እንዳትመጪ የሚልሽ?»

ፋሲካ ወረቀቱን መልሳ ከላይ ጀመረችው።

«ሰው ያልጠራውን ሰው አትምጣ ብሎ መልእክተኛ ይልካል? ደግሞስ ለማትመጣ ሴት መንገዱ ጭቃ ነው ብሎ የሚነግር ማነው? ጫማሽን አስቢ ማለቱ እኮ ነው!»

«አባዬ… ግን «ዳ» ነው የጻፈው። በግልጽ «ዳ» ነው።»

«እና «ድ» ሊጽፍ ፈልጎ ነዋ! እንድትመጪ እለምንሻለሁ ብሎሻል።»

ስምንት ወር ሙሉ የጥላዬን ስህተት ሁሉ አድና ስታርም የኖረች ሴት፣ አንዲቱን፣ ሕይወቷን የያዘችውን፣ እንደ እውነት ተቀብላ አልፋታለች። አቤት! እሑድ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቃት ነበር።

«እኔም ዘመኔን ሁሉ ፊደል ስጠብቅ ኖርኩ» አሉ መሪጌታ ወደማያዩት ሜዳ ዞረው። «ስንቱን ልጅ ለአንድ «ሠ» ብዬ አስለቅሼ ሰደድኩት መሰለሽ? ምን ሊለኝ እንደፈለገ ሳልሰማው። አሁን ሳላይ ነው የምሰማው።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ቢሆንም ሐሙሲት በሐመሩ «ሐ» ይጻፍ በይው» አሉ። ፋሲካ እያለቀሰች ሳቀች።

ያን ዕለት ማታ እርማቱን ከቡድኑ አነሳች፣ የተሰቀለውንም ሕግ አወረደች። በምትኩ እንዲህ ጻፈች፦ «ጥላዬ ስለ አንዲት ሟች ጽፎልን ነበር። እኔ ፊደሉን ቆጠርኩ እንጂ ጽሑፉን አላነበብኩትም። የሳቃችሁትም በእኔ ምክንያት ነው። በአራት ሺህ ሰው ፊት ስለበደልኩት በአራት ሺህ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ከእንግዲህ እዚህ ቤት ሰው እንደሚችለው ይጻፍ። ያልገባን ካለ እንጠይቅ።»

አስናቀ ወዲያው መለሰ። «እንዲህ ከሆነማ ቋንቋው ሞተ በይኛ!» ከሱ ሥር ግን ከዚያ በፊት አንድም ቀን ጽፈው የማያውቁ ሰዎች መጡ። አንዲት ዓለሚቱ የምትባል ሴት «እኔ አድ አመት ሙሉ ሳነብ ነበር። መሳቂያ እዳልሆን ፈርቸ ነዉ ያልጻፍኩ» አለች። ፋሲካ ይህን ስታነብ ስንት ሰው አፉን ይዞ በሯ ላይ ቆሞ እንደኖረ ገባት።

ቅዳሜ ማለዳ ሚኒባስ ተሳፈረች።

የጥላዬ ቤት ከሐሙሲት መንገድ ዳር፣ አሮጌ ጎማ የተደረደረበት ቆርቆሮ ቤት ነው። እሱ ከበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ከጎማ ውስጥ የወጣ ከመነዳሪ ነፍቶ ውኃ የሞላ ገንዳ ውስጥ እየነከረ የሚተነፍስበትን ይፈልጋል። ቀና ብሎ አያት። አልተነሳም።

«ጎማ ተበላሽቶባችሁ ነው?»

«ለጎማ አይደለም የመጣሁ።»

እንደገና ወደ ውኃው አጎነበሰ። «ደረጄ በስልኩ አሳይቶኛል፤ ለሕዝቡ የጻፍሽውን።»

«ጥላዬ፣ እኔ…»

«እሱስ ደግ አደረግሽ።» እጁ ቆመ። «እናቴ የዝክሩ ዕለት አንድ በርጩማ ለብቻው አስቀምጣ ነበር። ሰው ሊቀመጥበት ሲል «የሰው ነው» ትላለች። እስከ ማታ «የሰው ነው፣ የሰው ነው» ስትል ዋለች። ማታ ሰው ሲበተን ራሷ ተቀመጠችበት። ምንም አላለችኝም።»

የፋሲካ እጅ ሳታዘው ወደ ቦርሳዋ ሄደ። ደብዳቤው እዚያ ነው። አውጥታ ብትዘረጋው፣ ጣቷን «ዳ»ዋ ላይ ብታሳርፍ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በአንድ አፍታ ይታያል። በራሷ እጅ ነፃ መውጣት ትችላለች።

ጥላዬ ግን ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባና የተጨማደዱ ሦስት ወረቀቶች ይዞ ወጣ። «ደብዳቤዋን አራት ጊዜ ነው የጻፍኳት» አላት። «እነዚህን አበላሸኋቸው ብዬ ጣልኳቸው፤ ኋላ ደግሞ አሳዘኑኝና አነሳኋቸው። እዪ።»

አየች። በመጀመሪያው «እድትመጪ» ይላል። በሁለተኛው «እድትመጪ»። በሦስተኛውም «እድትመጪ»። በሦስቱም ልክ ነበር፤ «ን»ዋ ብትጎድል ምን አለበት!

«አራተኛዋን የጻፍኩ እየፈራሁ ነው» አላት። «አንቺ ስታርሚኝ ይታየኝ ነበር። እያንዳንዷን ፊደል ሁለት ሁለት ጊዜ አየሁ። እኩለ ቀን ላይ ጀምሬ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጨረስኩ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ትክ ብሎ አያት። «እውነቱን ንገሪኝ። ስንት ስህተት ነበረባት?»

ፋሲካ ሦስቱን ወረቀቶች አስተካክላ ደራረበቻቸው። ያ ሁሉ ትጋት እሷን በመፍራት እንደተሳሳተ፣ ያሳሳተችውም ራሷ እንደሆነች ታያት። ይህን ሰው በአደባባይ አሥራ አራት ጊዜ አቁስላዋለች። አሥራ አምስተኛውን፣ ከሁሉ የሚያመውን፣ እጁ ላይ ልታኖርለት ነው?

«ምንም አልነበረባትም» አለችው።

«አንድም?»

«አንድም።»

ፊቱ በራ። ለቅጽበት፣ ማለፊያ ያገኘ ተማሪ መሰለ። ከዚያ ያ ብርሃን ቀስ እያለ ከፊቱ ሲጠፋ አየችው፤ የሚያስበውንም ከእሱ ቀድማ ታውቅ ነበር።

«እንግዲያው አንብበሽው፣ ገብቶሽ ነው የቀረሽ።»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ፈራሁ።» ይህም ውሸት አልነበረም። «ሰው የሚለውን ፈራሁ። አስናቀን ፈራሁ። አንተ ፊት መቆም ፈራሁ፤ ያን ካደረግሁህ በኋላ በምን ዓይኔ አይሃለሁ ብዬ።»

«እኔስ አልፈራሁም መሰለሽ? አራተኛ ክፍል ያቆመ ሰው ለአማርኛ መምህርት ደብዳቤ ሲልክ?» ድምፁ ከፍ አለና መልሶ ወረደ። «ፈርቼም ግን ላክሁት።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂውም፣ ፋሲካ።»

መምህርት ሳይላት በስሟ ሲጠራት የመጀመሪያው ነበር። ሁለቱም ሰሙት። አንድ የጭነት መኪና አቧራውን ሳይሆን ጭቃውን እየረጨ አለፈ።

«ዛሬ ተመለሽ» አላት በመጨረሻ። «እናቴ አሁን ብታይሽ ክፉ ቃል ትናገርሽ ይሆናል፤ ያን መስማት አልፈልግም። እኔም ገና አልበረደልኝም። ሳይበረድልኝ በረደልኝ ብዬ አልዋሽሽም።»

«እሺ።»

«እሺ አትበይኝ።» እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። «ስትደርሺ ደውይ። መንገዱ ጥሩ አይደለም። መግባትሽን ልወቅ።»

ሚኒባስ እስኪሞላ አብሯት ቆመ። ሁለት ክንድ ያህል ርቆ ቆመ እንጂ አልሄደም። ስትገባ ደረጄን «ከፊት አስቀምጣት፣ ኋላው ያንገላታል» ሲል ሰማችው። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ዞራ ፈለገችው፤ ወደ ገንዳው ተመልሶ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ እጁ ግን አይሠራም ነበር።

የፎገራ ሜዳ ውኃ ለብሶ ነበር። ደብዳቤው በቦርሳዋ ውስጥ ጭኗ ላይ ተቀምጧል። መቼም ቢሆን ለማንም እንደማታሳየው ወስናለች። ጥፋተኛ ሆና ትኖራለች፤ ምናልባት እሱ ይቅር ይላት ይሆናል፣ ምናልባትም አይላት ይሆናል። አጠገቧ ዶሮ ያቀፉ ባልቴት ተቀምጠው ነበር። እንባዋን ሲያዩ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጠጋ አሏት።

«ከዘመድ ነው የምትመጪ ልጄ?»

ፋሲካ እንባዋን ጠረገች። «አዎ» አለች።

«ደህና ናቸው?»

«ተቀይሞኛል።»

«ይብረድለታ!» አሉ ሴትዮዋ። «ምን ይደረግ። የራስ ሰው ነው የሚቀየም።»

ፋሲካ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ተማሪ ይፈራታል፣ ባልደረባ ይስቅባታል፣ ጎረቤት ያከብራታል። የሚቀየማት ሰው ከነበራት ግን ስንት ዓመት ሆኗት ነበር! ልቧ እያመማት፣ ያንኑ ሕመም እንደ አደራ ዕቃ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ያዘችው፤ መንገዱ ሁሉ ሲያንገላታት እንዳይወድቅባት የምትፈራ ይመስል ነበር።